ለጥቁሩ ድኩላ የተነጠፈ ሣር

ከቁስቋም ማርያም በላይ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ቀይ አፈሩ ሲጀምር፣ ቀይ አፈሩም አልቆ የባሕር ዛፉ ሥር ሲጀምር፣ የመጨረሻው ቤት የጋሽ በዳሳ ነው። ቤቱ እንኳ የራሳቸው አይደለም፤ የእማማ የዓለምወርቅ የጓሮ ቤት ነው። ግን ሰው አንድ ጣራ ሥር ጸጉሩ እስኪሸብት ከኖረ፣ የማን እንደ ሆነ ጣራውም ይረሳዋል።

ጋሽ በዳሳ ሸማኔ ናቸው። ከዶርዜ ሲመጡ ጢም አላበቀሉም ነበር። ሽሮ ሜዳ አጎታቸው ቤት ማግ ሲያጠነጥኑ አደጉ፤ እዚያው ደብሪቱን አገቡ፤ ልጆች ወለዱ፤ ልጆቹም አድገው በየፊናቸው ሄዱ። አሁን የቀሩት እሳቸውና ደብሪቱ፣ አንድ የሽመና ጉድጓድና ወደ ጫካው የሚያይ አንድ መስኮት ናቸው። ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ የጥለቱ አረንጓዴ ከሰማያዊው አልለይ ሲላቸው፣ ሥራቸውን ይተዉና ከቤቱ ጀርባ ወጥተው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።

የሚቀመጡት ድኩላውን ለማየት ነው።

መጀመሪያ ያዩት ቀን ጥላ መስሏቸው ነበር። ጥላው ግን ጆሮ ነበረው። ከባሕር ዛፎቹ መሃል ወጥቶ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆመ፤ ጠቆር ያለ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ቀንዱ እንደ ተጠመዘዘ ክር ወደ ላይ የወጣ ወንድ ድኩላ። አየር አሸተተ፣ እግሩን አኖረ፣ ከጓሮው አጥር ሥር አልፎ ወደ ምንጩ ወረደ። ጋሽ በዳሳ ትንፋሻቸውን መልሰው ሲስቡ ድንጋዩ ቀዝቅዞ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚሄድበትን መንገድ እንደ ጎረቤት ጠባይ ለመዱት። ከላይ ከጥዱ ወርዶ፣ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ሸክም ተሸክመው ባሰፉት መንገድ ጥቂት ይሄዳል፤ ይኸውም ሴቶቹ አልፈው፣ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ ያስነሡት አቧራ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ቀጋው ጥሻ ይታጠፋል። ሲወርድ በቀጋው፣ ሲመለስ በሸለቆው ነው፤ በመጣበት ተመልሶ አያውቅም። ነፋሱ ከመንደሩ ወደ ላይ ሲነፍስ የመንደሩን ወሬ በአፍንጫው ሰምቶ በድፍረት ይመጣል፤ ከላይ ወደ ታች ሲነፍስ ግን ፊቱ ያለውን ስለማያውቅ ይዘገያል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። እሑድ እሑድ ሯጩና ተራማጁ ዳገቱን ሲሞላው ከጥሻው አይወጣም። ውሻ እያስከተሉ የሚያድኑ ጎረምሶች ጫካውን ማመስ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ሜዳ ለሜዳ መሄድ እርም ብሏል።

በጋሽ በዳሳ ጓሮ የሚያልፈውም ለዚሁ ነው። አዳኞቹ ሰው ቤት አጠገብ አይደርሱም። ከሰው የሚሸሽ አውሬ መጠጊያውን ሰው ጓሮ አገኘው።

ለጋሽ በዳሳ ግን ነገሩ ሌላም ነበረው። ድኩላው ብቅ ሲል ጭንቅላታቸው ላይ አንድ ክብደት ይሰማቸዋል፤ የአባታቸው መዳፍ ነው። በልጅነታቸው፣ በአገራቸው ተራራ፣ አባታቸው ቀርከሃ ሊቆርጡ ሲወጡ አብረው ይወጡ ነበር። አንድ ጠዋት ጉሙ መሃል እንዲህ ያለ ድኩላ ቆሞ አገኙ። አባታቸው ምንም ሳይናገሩ ሰፊ መዳፋቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አኖሩ፤ «አትንቀሳቀስ» ማለታቸው ነው። ጉሙ መጥቶ ድኩላውን እስኪሸፍነው ድረስ እጃቸውን አላነሡም። አባታቸው ፎቶግራፍ አልነበራቸውም፤ ድምፃቸውም ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄዷል። ያ መዳፍ ግን በየምሽቱ፣ ከቁስቋም በላይ፣ ከድኩላው ጋር ይመጣል።

«ባልንጀራህ መጣ?» ትላለች ደብሪቱ ከውስጥ።

«መጣ።»

«ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ራት ግን ለሁለት ሰው ነው የሠራሁት።»

አንድ ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ጋሽ በዳሳ ለሽመና ዕቃቸው ቀጥ ያለ እንጨት ፍለጋ ወደ ጥሻው ገቡ። ቀጋው አጠገብ አንድ ባሕር ዛፍ ወድቆ መንገዱን ዘግቶታል፤ ድኩላው አንገቱን ደፍቶ በሥሩ ነው የሚያልፈው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ቀጭን ነገር ብልጭ አለባቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። የሽቦ ሸምቀቆ ነበር፤ ልክ በአንገት ከፍታ የተንጠለጠለ፣ ጫፉ ከግንዱ ጋር የታሰረ። የመኪና የእጅ ፍሬን ሽቦ ነው። በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ሽቦ የሚያገኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስብሐት የእማማ የዓለምወርቅ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይነዳል። ጋሽ በዳሳ ሽቦውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ ሌላ ሽቦ ተተክቶ ጠበቃቸው። እሱንም ፈቱት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስብሐት ከዋናው ቤት በር ላይ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ «ጋሽ በዳሳ!» ብሎ ተጣራ። «እናንተ ጋ ጅቡ ብረት መብላት ጀመረ እንዴ? ሽቦዬን እኮ ጨረሰብኝ!»

ጋሽ በዳሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስብሐት ልጄ፣ ተወው በቃ።»

«ምኑን?»

«ጥቁሩን።»

ስብሐት መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «እርስዎ ነዎታ! እኔ ደግሞ ጅቡን ስሰድብ አድሬ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጋብ አለ። «ጋሽዬ፣ ያን ሳሎን የነበረውን የድኩላ ቀንድ ያስታውሱታል አይደል? አያቴ አባቴ ሲወለድ ያመጡት። አባቴ ክርስትና ሲነሣ እሱ ሥር ነው ድግሱ የተደገሰው። የእኔም። ቤቱ ሲታደስ ሠራተኞቹ ጥለው ሰበሩት። አሁን ለእኔ ልጅ ባዶ ግድግዳ ላሳየው?»

«ክልክል ነው እኮ። ጠባቂዎቹ ቢያገኙህስ?»

«ጠባቂዎቹ ስንቱን ጥሻ ያያሉ? ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጾሙ ሳይገባ ክርስትናው ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድኩላ ሲያወሩ እንኳ አልሰማም፤ በማርያም!»

ጋሽ በዳሳ ለጥበቃው መናገር ይችሉ ነበር። ግን ይህ ስብሐት ነው፤ ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ይዞት ትኩሳቱ ሲያነደው፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ጤና ጣቢያ ያሮጡት እሳቸው ናቸው። ደረታቸው ላይ የነደደውን ልጅ እንዴት አድርገው ለሕግ ይሰጣሉ? አሁን እንኳ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩት ለሕፃኑ ክርስትና የሚሆነውን ነጭ ልብስ ነበር።

ስለዚህ አገራቸው የሚያውቀውን አደረጉ።

በጋሽ በዳሳ አገር ሰው ተጣልቶ ጦር ሲማዘዝ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሃል ይገባል። እርጥብ ሣር ፊቱ የቀረበለት ሰው፣ ደሙ የቱንም ያህል ቢፈላ፣ ተራምዶት አያልፍም። ይቆማል፤ ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። ጋሽ በዳሳ ልጅ ሳሉ ወንድሙ የተገደለበት ሰው በዚህ ሣር ፊት ጦሩን ጥሎ ሲያለቅስ አይተዋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ምንጩ ወረዱ። አገሩ በጥር ፀሐይ ደርቆ ገለባ መስሏል፤ ምንጩ ዳር ብቻ አረንጓዴ ሣር አለ። እቅፍ ሙሉ ነቀሉ። ስብሐት እንደገና ካጠመደው ሸምቀቆ ፊት ለፊት ንጥፍ አድርገው አኖሩትና ቀና ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሲመጣ ያየዋል፤ ሲያየው ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ ይነገረዋል፤ እንዲህ ነበር ሐሳባቸው። ሽቦውንም አልነኩም፤ ሣር አንጥፎ ከጀርባ መስረቅ ነውር ነው።

ሣሩ ሲጠወልግ በየቀኑ ይለውጡት ጀመር። ልባቸው ተረጋጋ። ድኩላውም የተረጋጋ መሰላቸው። ቀድሞ ጨለማና ብርሃን ሲደባለቁ ነበር የሚወጣው፤ አሁን ግን ፀሐዩ ገና ዛፎቹን ሳይለቅ ወገቡ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እየታዩ ከወደቀው ግንድ ወዲያ ብቅ ብሎ ይመለሳል። ነፋሱ ከላይ ሲነፍስ እንኳ ይመጣል። ብርሃን ላይ አይተውት ስለማያውቁ እንደ ሕልም ሆነባቸው። የአባታቸው መዳፍ ራሳቸው ላይ ረዘም አድርጎ ተቀመጠ። አንድ ማታ ለደብሪቱ፣ «እርቁ ወረደ መሰለኝ፤ አውሬው አውቆታል» አሏት።

እርግጥ ነው፣ አውሬው አውቆት ነበር።

ስብሐት በነጋታው መኪናውን ሳያስነሣ ወደ ጓሮ መጣ። ፊቱ በርቷል። ጎንበስ ብሎ የጋሽ በዳሳን ጉልበት ሊስም ቃጣው።

«ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሽቦዬን የፈቱት እኮ ተቀይመውኝ መስሎኝ ነበር። ለካ አጠማመዴ አላምር ብሎዎት ነው! ሣር! እንዴት አልመጣልኝም? በዚህ ድርቅ እርጥብ ሣር! ትላንት መጥቼ ባየው ግማሹ ተግጧል፤ ኮቴው አፈሩ ላይ እንደ ማኅተም ነው። እንግዲህ ዛሬ ነገ ነው!»

ጋሽ በዳሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሣሩ... ሣሩ ላንተ ነው እንጂ ለሱ አይደለም።»

«ለእኔ? ጋሽዬ፣ እኔ በግ ነኝ?»

ነገሩት። ሽማግሌውን፣ ጦሩን፣ ወንድሙ የሞተበትን ሰው፣ ሁሉንም ነገሩት። ስብሐት አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአክብሮት ሰማቸው። ሲጨርሱ ግን ሳቁ አመለጠው። «ይቅርታ ጋሽ በዳሳ፣ በማርያም አልሳቅሁም! ግን ድኩላው ሽምግልናውን በላው እኮ!» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይበሉ አይዘኑ። ከክርስትናው በኋላ እርስዎ ያሉትን እሆናለሁ። ለማንኛውም ሌሎች ሽቦዎችም በመንገዱ ላይ ግራና ቀኝ ሸሽጌያለሁ፤ ሲመላለሱ እንዳይጠልፍዎት ይጠንቀቁ» ብሎ ሄደ።

ደብሪቱ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ባሏን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«በዳሳ፣ አንተ እኮ ዓይን አፋር ነህ። ሽማግሌ ሣሩን ይዞ ይቆማል እንጂ ጥሎ ይሄዳል? አስታራቂ የሌለው ሣር ምንድን ነው?»

«ምንድን ነው?»

«መኖ ነዋ!»

ቀኑን ሙሉ መወርወሪያው ከእጃቸው እየወደቀ ዋለ። ሣሩን ቢያነሡት ድኩላው ቦታውን ለምዷል፤ ይፈልገዋል። ሽቦዎቹን ቢፈልጓቸው ዓይናቸው ደክሟል፤ ስብሐት ደግሞ ደብቋቸዋል። መንገዱ እንዳለ ሞት ሆኗል። መንገዱን የሚያስተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍርሃት። ውሾቹን ፈርቶ ሜዳውን ተወ፤ እሑድን ፈርቶ እሑድን ተወ። አሁን ደግሞ ይህን ጓሮ መፍራት አለበት። ጓሮው ላይ ያለው ግን ሌላ ማንም አይደለም፤ እሳቸው ናቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጡ። ድንጋያቸው ላይ አልተቀመጡም፤ ከወደቀው ባሕር ዛፍ ፊት፣ በድኩላውና በሽቦው መሃል ቆሙ። ባሕር ዛፉ ቅጠሉን እያሻሸ ያንሾካሽካል፤ ከታች፣ ከከተማው፣ የመኪና ጡሩምባ ከጥልቅ ውኃ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። ብርሃኑ ማር መሰለ። ድኩላውም ማሩ ውስጥ ወጣ።

አያቸው። አልደነገጠም። ሽታቸውን ያውቀዋል፤ በየምሽቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ምንም የማያደርግ የሽማግሌ ሽታ ነው። ጆሮውን አወዛወዘና ወደ ሣሩ ቀረበ፤ እንዲህ ቀርቧቸው አያውቅም። ሽፋሽፍቱን አዩት፤ እርጥብ አፍንጫው ላይ የተጣበቀ ደቃቅ ገለባ አዩ። መዳፉ ራሳቸው ላይ አረፈ። አትንቀሳቀስ።

ጋሽ በዳሳ ተንቀሳቀሱ። እጃቸውን ዘርግተው ጮኹ። የወጣው ቃል አማርኛ አልነበረም፤ የልጅነት ቋንቋቸው ነበር፤ አዲስ አበባ ከመጡ ጀምሮ ጮኸው ተናግረውበት አያውቁም። ድኩላው ቀጥ ብሎ ቆመ። አልሸሸም። ግራ የተጋባ ሰው እንደሚያይ አያቸው። እንደገና ጮኹ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ደግሞ ቆመ፤ የለመደው ሰው ይህ መሆኑን የሚያጣራ ይመስላል።

ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሡ።

ድንጋዩ ትከሻው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ምንጣፍ ላይ እንደሚወድቅ ዕቃ የታፈነ ነበር። ድኩላው እንደ ውሻ ባለ ሻካራ ድምፅ ጮኸ፤ ተፈናጠረ፤ አንዴ ጥሻውን ሰንጥቆ ወደ ሸለቆው ሊታጠፍ ሲል ጋሽ በዳሳ እየተንገዳገዱ ፊቱን ከለከሉት፤ ሌላ ድንጋይ ወረወሩ። ወደ ላይ ዞረ። ነጭ የጅራቱ ሥር በዛፎቹ መሃል አንዴ፣ ሁለቴ ታየና ጠፋ። ጩኸቱ ብቻ ከጋራው ላይ እየራቀ ይሰማ ነበር። እሱም ቀረ።

ራሳቸውን ዳሰሱ። እጃቸው የገዛ ጸጉራቸውን ብቻ አገኘ።

በቀጣዮቹ ቀናት ነገሩን ጨረሱት። ጀምሮ መተው ጥለት ሳይገባ ሸማ መቁረጥ ነው። የላባቸውን ሽታ የያዘ አሮጌ ሸሚዝ ቀጋው ላይ ሰቀሉ። በምሽት መንገዱን ላይ ታች እያሉ ይመላለሱበት ጀመር። ደብሪቱም ቆርቆሮ ይዛ እየመታች ተከተለቻቸው።

«ስንት ዘመን ‹እስቲ ትንሽ አንሸራሸር› ስልህ እንቢ ብለህ ኖረህ፣» አለች ቆርቆሮዋን እየቀጠቀጠች፣ «ይኸው ለድኩላ ብለህ አወጣኸኝ!»

ጋሽ በዳሳ ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ደብሪቱ እንዳላየች ሆና ቆርቆሮውን አጥብቃ መታችው።

ክርስትናው ደረሰ። ሕፃኑ ጋሽ በዳሳ የሠሩለትን ነጭ ልብስ ለብሶ ተጠመቀ፤ ድግሱም በበግ ሆነ። ማታ ገደማ ስብሐት ራሱ ጥብስ በሳህን ይዞ ወደ ጓሮ መጣ። አስቀመጠና አልሄደም፤ የበሩ መቃን ላይ ተደግፎ ቆመ።

«ጋሽ በዳሳ፣ ውሸት አያውቁም። አባረሩት፣ አይደል?»

«አባረርኩት።»

«እኔ ጋ መጥተው ቢቆጡኝ አይሻልም ነበር? በጥፊ ቢሉኝስ?»

«አሁን ሳስበው ይሻል ነበር። ያኔ ሣር ይዤ ፊትህ መቆም አፈርኩ። ላንተ ማፈሬን ለሱ ድንጋይ አደረግሁት።»

ስብሐት መሬት መሬት አየ። «አሁን እንግዲህ አይመጣም?»

«ለእኔም አይመጣም፣ ልጄ።»

ስብሐት ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። «ይብሉ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ወደ ጥሻው ገብቶ ሽቦዎቹን እየሰበሰበ ሲወጣ ታየ፤ ተሰምቶት ይሁን ለመኪናው አስፈልጎት፣ ማን ያውቃል።

ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ምሥራቅ የምትባል እንጨት ለቃሚ ሸክሟን አጥር ላይ አስደግፋ ውኃ ስትጠጣ፣ በጋራው ወዲያኛው ወገን ጥቁር ድኩላ እንዳለ ለደብሪቱ ነገረቻት። «አይ ፈሪ! ሳል ከሰማ አገር ይለቃል። እኛም ጅራቱን እንጂ ፊቱን አይተነው አናውቅ» አለች። ደብሪቱ ወደ ጉድጓዱ ዞር ብላ ባሏን አየች። መወርወሪያው ቆሟል።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«ደስ ብሎኛል» አሉ ጋሽ በዳሳ፤ ድምፃቸውም የደስታ ነበር፤ ሌላም ነገር ነበረበት።

ዝናቡ ጋብ ያለ ቀን፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ዱላቸውን ይዘው ጋራውን ወጡ። ሲደክማቸው እየቆሙ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ ወዲያኛው ወገን ደረሱ። ጉም ከሱሉልታ በኩል እየተንሳፈፈ ጥዶቹን አንድ በአንድ ይውጣል። ሰው የሚሄድበት ሰፊ መንገድ ጭቃው ለስልሶ ተዘርግቷል። ከመንገዱ ወዲህ፣ ዳሩ ላይ፣ አራት ኮቴ አንድ ላይ ገጥሞ ጠልቋል። ከመንገዱ ወዲያ፣ ማዶው ዳር ላይ፣ እንዲሁ አራት ኮቴ። መሃሉ ላይ ምንም የለም። ሰው የረገጠውን አንድም ቦታ ሳይነካ ዘሎ ተሻግሯል።

ጋሽ በዳሳ ዱካው ላይ አጎነበሱ። ጠርዙ ገና አልፈረሰም፤ ውኃም አልቋጠረም። እጃቸውን ሊያሳርፉበት ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ቀና ብለው ነፋሱን በጉንጫቸው ለኩ፤ ከእሳቸው ወደ ጥሻው እየነፈሰ ነበር። ቀስ ብለው፣ ሳያስሉ፣ ሽታቸውን ይዘው ወደ ታች ወረዱ።